ጉልበት እያለ መኪና ለምን ይቆማል?
የዲፈረንሻል መቆለፊያና የጠንካራ አክስል ፊዚክስ

በክረምት ወራት ከዋናው አውራ ጎዳና ወጣ ብሎ በገጠር መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ትዕይንት አለ። መኪናው በመረሬ አፈር ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሞተሩ ያጓራል። አንደኛው የኋላ ጎማ ጭቃ እየረጨ በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። በደረቅ ጠጠር ላይ ያረፈው ሌላኛው ጎማ ግን ንቅንቅ አይልም። ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፣ ድንጋይና ቅጠል ከጎማው ሥር ይነሰነሳል፣ ሰዓቱም ይነጉዳል። መኪናው አምቡላንስ፣ ከኋላ የተኛችውም ምጥ የያዛት እናት ብትሆን የእነዚያ ሰዓታት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ መናገር አያሻም።

ይህን ትዕይንት ስናይ አንድ ጥያቄ ሊነሣብን ይገባል። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ እያጓራ ነው። በጠጠሩ ላይ ያረፈው ጎማም መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ይችላል። ታዲያ ጉልበቱ ሊሠራበት ወደሚችለው ጎማ ሳይሄድ፣ ምንም ሊሠራ ወደማይችለው ጎማ የሚፈስሰው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ መልስ ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት በማይርቅ ስሌት እንፈልጋለን። ቀጥሎም ለችግሩ መፍትሔ የሆነው የዲፈረንሻል መቆለፊያ እንዴት እንደሚሠራ፣ መቆለፊያው ሲገጠም አክስሉም አብሮ መጠንከር ያለበት ለምን እንደሆነ እንመለከታለን።

ዲፈረንሻል ለምን አስፈለገ?

መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ጎማ የበለጠ መንገድ ይጓዛል። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ነው እንበል። መኪናው አንድ ሙሉ ክብ ቢዞር በሁለቱ ጎማዎች ጉዞ መካከል የሚኖረው ልዩነት ሁለት ጊዜ ፓይ ሲባዛ በ1.5፣ ማለትም 9.4 ሜትር ያህል ይሆናል። የክቡ ስፋት ምንም ያህል ቢሆን ይህ ልዩነት አይለወጥም። የጎማው ራዲየስ 0.4 ሜትር ከሆነ ዙሪያው 2.5 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው በአራት ዙር ገደማ በልጦ መሽከርከር አለበት ማለት ነው።

ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ቢታሰሩ ኖሮ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር። በየኩርባው አንደኛው ጎማ አስፋልቱን እየፋቀ መንሸራተት ይገደድ ነበር፤ ጎማ ያልቅ፣ መሪም ይከብድ ነበር። ፈረንሳዊው ኦኔዚፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ዓመታት በእንፋሎት ለሚሠራ ተሽከርካሪ ያዘጋጀው ዲፈረንሻል ይህን ችግር ፈታ። ከሞተር በረጅሙ ዘንግ የሚመጣው ዙር ፒኞን በሚባለው ትንሽ ጥርስ አማካይነት ትልቁን ክብ ጥርስ ያሽከረክራል። ከትልቁ ጥርስ ጋር የታሰረው ቤት በውስጡ ትንንሽ ጥርሶችን የያዘ ሲሆን፣ እነዚህ ከግራና ከቀኝ የጎማ ዘንጎች ጥርሶች ጋር ይነካከሳሉ። የቤቱ ፍጥነት ዘወትር የሁለቱ ጎማዎች ፍጥነት አማካይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲዘገይ ሌላው በዚያው መጠን ይፈጥናል፤ አንዱ ፈጽሞ ሲቆም ሌላው በቤቱ ፍጥነት እጥፍ ይሽከረከራል። በጭቃው ውስጥ ያየነውም ይህንኑ ነው።

የቀንበሩ ሕግ

ዲፈረንሻል ፍጥነትን ለመለያየት ነፃነት ይሰጣል፤ የመጠምዘዝ ጉልበትን ወይም ቶርክን ግን ለሁለቱም ጎማዎች እኩል አድርጎ ያካፍላል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሆነ በምሳሌ እናብራራው።

በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬን እናስታውስ። ሞፈሩ በምራን የሚታሰረው በቀንበሩ መሀል ላይ ነው። ሁለቱ በሬዎች እኩል ሲስቡ ቀንበሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንደኛው በሬ ቢለግም ቀንበሩ በመሀሉ ላይ ይዞራል እንጂ ብርቱው በሬ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሊሠራ አይችልም። ምክንያቱም ቀንበሩ ሳይዞር የሚቆየው በግራና በቀኝ ያሉት ኃይሎች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ብርቱው በሬ ማበርከት የሚችለው ደካማው የሚስበውን ያህል ነው።

በዲፈረንሻሉ ቤት ውስጥ ያለው ትንሽ ጥርስ የዚህ ቀንበር ወንድም ነው። መሀሉን ቤቱ ይገፋዋል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ደግሞ የግራና የቀኝ ጎማ ዘንጎችን ጥርሶች ይገፋሉ። አንደኛው ጎማ ተቃውሞ ካላቀረበ ትንሹ ጥርስ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በሌላው ጎማ ላይ ሊያሳድር የሚችለው ቶርክም ከዚያ ደካማ ተቃውሞ አይበልጥም። እንግዲህ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ጭቃው ጎማ አፈሰሰ ማለት ትክክለኛ አገላለጽ አይደለም። ትክክለኛው አገላለጽ ደካማው ጎማ ለብርቱው ጎማ ወሰን አበጀለት የሚለው ነው።

በቁጥር ሲታይ

ለማስረዳት ያህል የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ። የመኪናው ክብደት 24,000 ኒውተን ነው፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ 6,000 ኒውተን ያርፋል፤ የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ግራው ጎማ በጭቃ ላይ ስላለ የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ 0.1፣ ቀኙ በጠጠር ላይ ስላለ 0.6 ይሁን። በዚህ መሠረት ግራው ጎማ ከመሬቱ ሊያገኝ የሚችለው ግፊት ቢበዛ 600 ኒውተን ሲሆን፣ ቀኙ ግን እስከ 3,600 ኒውተን ድረስ ሊያገኝ ይችላል። የጎማው ራዲየስ 0.4 ሜትር በመሆኑ እነዚህ በቅደም ተከተል ከ240 እና ከ1,440 ኒውተን ሜትር ቶርክ ጋር እኩል ናቸው።

መንገዱ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ነው እንበል። ዳገቱን ለማሸነፍ 2,400 ኒውተን ያህል፣ የጭቃውን የመንከባለል ተቃውሞ ለማሸነፍ ደግሞ በክብደቱ 5 በመቶ ሒሳብ 1,200 ኒውተን ያስፈልጋል፤ በድምሩ 3,600 ኒውተን ማለት ነው።

ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ ቀኙ ጎማ የሚያገኘው ግራው የሚያገኘውን ያህል ብቻ ስለሆነ ድምሩ 600 እና 600፣ ማለትም 1,200 ኒውተን ይሆናል። ከሚያስፈልገው ሲሶ ብቻ ነውና መኪናው ይቆማል። ሁለቱ ዘንጎች አንድ ላይ ቢቆለፉ ግን እያንዳንዱ ጎማ የቻለውን ያህል ስለሚገፋ ድምሩ 600 እና 3,600፣ ማለትም 4,200 ኒውተን ይደርሳል፤ መኪናውም ይወጣል።

የሞተሩንስ አቅም እንመልከት። ሞተሩ 280 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ፣ አንደኛው ማርሽ 4.5 ጊዜ፣ የአክስሉ ጥርስ ደግሞ 4.1 ጊዜ የሚያበዛ ቢሆን አክስሉ ላይ የሚደርሰው ቶርክ 5,166 ኒውተን ሜትር ይሆናል። መኪናው ተቆልፎ ለመውጣት ከሁለቱ ጎማዎች የሚፈለገው ከ1,680 ኒውተን ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ ሞተሩ ከሚፈለገው ከሦስት እጥፍ በላይ አለው። በጭቃ ውስጥ ነዳጅ እየረገጡ ሞተሩን ማስጮህ ጎማውን ወደ ጉድጓድ ከመቅበር በቀር የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

አራቱም ጎማ ቢነዳስ?

አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ፈጽሞ አይያዝም የሚል እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ነገር ግን በተለመደው ዓይነት መኪና ፎርዊሉ ሲገባ የሚተሳሰሩት የፊትና የኋላ አክስሎች እንጂ የግራና የቀኝ ጎማዎች አይደሉም። በእያንዳንዱ አክስል ውስጥ የቀንበሩ ሕግ እንደ ጸና ነው። መኪናው ጉድባ ሲሻገር የፊቱ ግራና የኋላው ቀኝ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠሉ የሁለቱም አክስሎች ቶርክ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በጠንካራ መሬት ላይ ያረፉ ሁለት ጎማዎች እያሉ መኪናው ባለበት ይቀራል።

የመቆለፊያ ዓይነቶች

ለዚህ ችግር መሐንዲሶች የሰጧቸውን መልሶች በአራት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ሾፌሩ ሲፈልግ የሚቆልፈው ነው። አንድ ባለጥርስ ቀለበት ተንሸራትቶ የጎማውን ዘንግ ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር ያያይዘዋል፤ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር እንዳይዞር አድርጎ እንደ መቀርቀር ነው። ቀለበቱን የሚገፋው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ የተጨመቀ አየር ወይም ተራ ማንሻ ሊሆን ይችላል። የአውስትራሊያው ኤአርቢ ኩባንያ መቆለፊያ በተጨመቀ አየር የሚሠራ ሲሆን፣ በአገራችን ገጠሮች በስፋት የሚታወቀው ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኋላና የፊት መቆለፊያ ከፋብሪካው ይዞ ይወጣል። የመርሴዲስ ጂ ክላስ ደግሞ የመሀል፣ የኋላና የፊት ሦስት መቆለፊያዎች አሉት።

ሁለተኛው ራሱ የሚቆልፈው ነው። ይህ ዓይነቱ ሞተሩ ሲገፋ ሁለቱን ጎማዎች ያስተሳስርና በኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ቀድሞ እንዲሽከረከር ይለቀዋል። ሾፌሩ ቁልፍ መንካት አያስፈልገውም፤ ነገር ግን በአስፋልት ላይ የመኪናውን ጠባይ ሻካራ ያደርገዋል።

ሦስተኛው መንሸራተትን የሚገድበው ነው። ከፊሉ እንደ ፍሪሲዮን ባሉ ዲስኮች ሰበቃ ይሠራል። ሌላው፣ አሜሪካዊው ቨርነን ግሊስማን እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠራ መብት ያገኘበትና ቶርሰን የሚባለው፣ በጠመዝማዛ ጥርሶች ሰበቃ ይሠራል። ቶርሰን ለብርቱው ጎማ ደካማው የሚሸከመውን ቶርክ አብዝቶ ይሰጠዋል። ሆኖም አንደኛው ጎማ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው። የአሜሪካ ጦር ሃምቪ በቶርሰን የሚሠራ በመሆኑ ሾፌሮቹ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማቸው ነዳጅ እየሰጡ ፍሬን በመጠኑ ይረግጣሉ። ፍሬኑ ለተንጠለጠለው ጎማ ሰው ሠራሽ ተቃውሞ ስለሚፈጥርለት ሌላኛው ጎማ ቶርክ ያገኛል።

አራተኛው ይህንኑ ብልሃት በኮምፒውተር የሚሠራው ነው። በዘመናዊ መኪኖች ላይ ያለው ሥርዓት የሚንሸራተተውን ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዝበታል። ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የሞተሩ ጉልበት ከፊሉ በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ በረጅም ጭቃ ውስጥ ፍሬኑ ሊግል ይችላል።

ተቆልፎ የማይከፈት ዲፈረንሻል ለመሥራት ትንንሾቹን ጥርሶች በብየዳ የሚያጣብቁም አሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ግን መኪናው በአስፋልት ላይ በየኩርባው ጎማውን ይፍቃል፣ ዘንጎቹንም ያስጨንቃል። በሕዝብ መንገድ ለሚሄድ መኪና የሚመከር አይደለም።

የተሰወረው ፊውዝ

እስካሁን የተመለከትነው የመቆለፊያውን ጥቅም ነው። አሁን ደግሞ የሚያስከፍለውን ዋጋ እንመልከት።

ተራ ዲፈረንሻል በጭቃ ውስጥ የሚያሰናክለን ቢሆንም ሳናውቀው የሚሰጠን አገልግሎት አለው። አንደኛው የጎማ ዘንግ ሌላው ከሚሸከመው በላይ እንዳይጫንበት ያደርጋል። በቤታችን የኤሌክትሪክ መስመር ላይ እንዳለው ፊውዝ ነው ልንለው እንችላለን። መቆለፊያ ስንገጥም ያንን ፊውዝ ነቀልነው ማለት ነው።

መኪናው በዓለታማ ቦታ ላይ ሲወጣ ክብደቱ ወደ አንድ የኋላ ጎማ አጋድሎ 10,000 ኒውተን ቢያርፍበት፣ የሰበቃ ኮኤፊሸንቱም 0.9 ቢሆን፣ ጎማው ሳይንሸራተት 9,000 ኒውተን ሊገፋ ይችላል። በ0.4 ሜትር ራዲየስ ሲባዛ 3,600 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሌላኛው ጎማ አየር ላይ ነው። በተራ ዲፈረንሻል በዚህ ዘንግ ላይ የሚያርፈው ቶርክ ዜሮ ነበር፤ በተቆለፈው ግን 3,600 ኒውተን ሜትሩ ሁሉ በአንድ ዘንግ ያልፋል። ዝቅተኛው የኃይል ማርሽ ሲገባና ቶርኩን 2.5 ጊዜ ሲያበዛው ሞተሩ እስከ 12,900 ኒውተን ሜትር ድረስ ማቅረብ ስለሚችል ይህን ለመስጠት አይቸገርም።

ዘንጉ ይህን ይችላል ወይ? በድፍን ክብ ዘንግ ገጽ ላይ የሚፈጠረው የመጠምዘዝ ውጥረት ቶርኩ በ16 ተባዝቶ ለፓይና ለዲያሜትሩ ኪዩብ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ዲያሜትሩ 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውጥረቱ 680 ሜጋፓስካል ያህል ይሆናል። ለስላሳ የግንባታ ብረት ሲሳብ በ250 ሜጋፓስካል ገደማ ቅርጹን መለወጥ እንደሚጀምር ስናስብ ቁጥሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንረዳለን። ዲያሜትሩን ወደ 35 ሚሊ ሜትር ብናሳድገው ውጥረቱ ወደ 430 ሜጋፓስካል ይወርዳል። ውፍረቱ የጨመረው በ17 በመቶ ብቻ ሲሆን ጥንካሬው ግን በ59 በመቶ ገደማ አድጓል። ዲያሜትሩ በሦስት ኃይል ስለሚቆጠር አምስት ሚሊ ሜትር ብዙ ትሠራለች።

ከዚህም ሌላ ድንገተኛ ምት አለ። አየር ላይ ሲሽከረከር የነበረ ጎማ በድንገት ዓለት ሲነካ በጎማውና በዘንጎቹ ውስጥ የተከማቸው የመሽከርከር ኃይል በቅጽበት ማረፊያ ይፈልጋል። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ቶርክ ከላይ ካሰላነው ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ዘንጎች የሚሰበሩት ሾፌሩ በትዕግሥት ሲጎትት ሳይሆን ነዳጅ ረግጦ ሲያዘልል ነው።

ጠንካራ አክስል ማለት ምን ማለት ነው?

ጠንካራ አክስል ሲባል ወፍራም ብረት ብቻ ማለት አይደለም፤ ጭነቱን በብልሃት የሚያከፋፍል አሠራር ጭምር ነው።

በቀላል መኪኖች አክስል ላይ የጎማው ዘንግ ሁለት ሥራ አለው፤ ጎማውን ይጠመዝዛል፣ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል። ስለዚህ በመጠምዘዝና በመታጠፍ ውጥረት በአንድነት ይፈተናል። ዘንጉ ቢሰበር ጎማው ከነቁራጩ ወጥቶ ሊሄድ ይችላል። በከባድ አክስል ላይ ግን ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቤት ሲሆን፣ ጎማው በቤቱ ጫፍ ላይ በሁለት ኩሽኔታዎች ተቀምጧል። ዘንጉ ከመጠምዘዝ በቀር ሌላ ሥራ የለበትም። ቢሰበርም ጎማው በቦታው ይቆያል፤ ስባሪው ወጥቶ መኪናው ሊጎተት ይችላል። በጭነት መኪኖችና በላንድክሩዘር 70 የኋላ አክስል ላይ የምናገኘው አሠራር ይህ ነው። ከሕክምና ጣቢያ ርቆ ለሚሠራ አምቡላንስ ይህ ልዩነት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ብረቱ ራሱ ነው። የጎማ ዘንግ ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነም ወይም ኒኬል ከተቀላቀለበት ብረት ተሠርቶ በሙቀት ይጠነክራል። ውጥረቱ ከፍተኛ የሚሆነው በዘንጉ ገጽ ላይ ስለሆነ ገጹ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ምት የሚችል ሆኖ መሠራቱ ይመረጣል።

ሦስተኛው ብልሃት ቶርኩን ማብዛት እስከ መጨረሻው ድረስ ማዘግየት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር ለእርሻ ሥራ የተወጠነው ኡኒሞግ በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ተጨማሪ ጥርሶች አሉት። እነዚህ ጥርሶች ቶርኩን በሁለት ቢያበዙት፣ ጎማው 3,600 ኒውተን ሜትር ሲያገኝ የውስጡ ዘንግ የሚሸከመው 1,800 ብቻ ይሆናል። ከዚህም በላይ ዘንጉ ከጎማው መሀል ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ የአክስሉ ሆድ ከድንጋይ ይርቃል።

ዘንጉ ሲጠነክር ጭነቱ እንደማይጠፋም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ወደሚቀጥለው ደካማ አካል ይሸጋገራል። የፒኞኑ ጥርሶች፣ የትልቁ ጥርስ ቡሎኖች፣ በፊት አክስል ላይ ደግሞ ጎማው ሲታጠፍ የሚተጣጠፈው መጋጠሚያ በተራቸው ይፈተናሉ። ከፋብሪካው ከወጣበት የሚበልጥ ጎማ የሚገጥም ሰውም ያለመቆለፊያው ሳይቀር በዘንጉ ላይ ጭነት እንደጨመረ ማወቅ አለበት።

መቼ ይቆለፍ፣ መቼ ይከፈት?

ካየነው ፊዚክስ የሚከተሉት የአነዳድ መመሪያዎች በቀጥታ ይመነጫሉ።

መቆለፊያው የሚገባው ጭቃው ወይም ዓለቱ ውስጥ ከመግባት በፊት፣ መኪናው ቆሞ ወይም በጣም በዝግታ እየሄደ ነው። ጎማ እየተሽከረከረ መቆለፍ የቀለበቱን ጥርሶች ይሰብራል። መጀመሪያ የኋላው፣ በቂ ካልሆነ ብቻ የፊቱ ይቆለፋል፤ የፊቱ ከተቆለፈ መሪው ይከብዳል፣ መኪናውም በቀጥታ መሄድን ይመርጣል። አስፋልትና ደረቅ ጠንካራ መሬት ላይ ሲደረስ ሁለቱም መከፈት አለባቸው።

በአንድ ወገን ባጋደለ ለስላሳ መንገድ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተራ ዲፈረንሻል አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ሌላው ስለሚቆም መኪናውን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። በተቆለፈ አክስል ሁለቱም አብረው ከተንሸራተቱ ግን የሚይዝ አይኖርም፤ የመኪናው ኋላ ወደ ገደሉ ሊወርድ ይችላል።

መቆለፊያ ሰበቃን አይፈጥርም፤ ያለውን ሰበቃ ሁሉ እንድንጠቀም ይረዳናል እንጂ። አራቱም ጎማዎች በጭቃ ላይ ከሆኑ ትርፉ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ በለስላሳ መሬት ላይ የጎማን አየር በመጠኑ መቀነስ፣ እንዲሁም አካፋና ገመድ መያዝ ከመቆለፊያው ይቀድማሉ።

በመጨረሻም ወደ ጀመርንበት መኪና እንመለስ። ያ አምቡላንስ የቆመው ጉልበት አጥቶ ሳይሆን ደካማው ጎማ ለብርቱው ወሰን ስላበጀለት ነው። መቆለፊያው ያንን ወሰን ያነሣል፤ ወሰኑ ሲነሣ ግን ጭነቱን ሁሉ የሚቀበለው ዘንጉ ነው። ስለዚህ ለገጠር አገልግሎት መኪና የሚመርጥ፣ የሚጠግን ወይም የሚነዳ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ማየት የለበትም። መቆለፊያ ካለ የሚሸከመው አክስል አለ ወይ፣ ሾፌሩስ መቼ እንደሚቆልፍና መቼ እንደሚከፍት ተምሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ለመለማመድ፦ ከላይ በዓለቱ ምሳሌ የተጠቀሰው መኪና የጎማው ራዲየስ ከ0.4 ወደ 0.45 ሜትር ቢያድግ በዘንጉ ላይ የሚያርፈው ቶርክ ስንት ይሆናል? የ35 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ ውጥረት ከቀድሞው እንዳይበልጥ ዲያሜትሩ ስንት መሆን አለበት? አንባቢያን ስሌታቸውን ከ4,050 ኒውተን ሜትርና ከ36.4 ሚሊ ሜትር ጋር ያመሳክሩ።